ካርድ የተከፈተለትና ያልተከፈተለት ምርኮኛ፦ የዞንደርዋተር ሙዚየም ከዳናኔ አንጻር

ከፕሪቶሪያ በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው የኩሊናን ከተማ ስሟ የሚነሣው በአልማዝ ማዕድኗ ነው። ከከተማዋ ጥቂት ወጣ ብሎ ዞንደርዋተር የሚባል ሜዳማ ስፍራ አለ፤ ቃሉ ውኃ አልባ ማለት ነው። ዛሬ አካባቢው የሚታወቀው በማረሚያ ቤቱ ነው። እዚያው ይዞታ ውስጥ ከ250 በላይ ጣሊያናውያን ያረፉበት መካነ መቃብር፣ ሦስት ቅስቶች ያሉት ሐውልትና አንድ አነስተኛ ሙዚየም ይገኛሉ። እነዚህ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ከ100,000 በላይ የጣሊያን ምርኮኞች ካለፉበት ካምፕ የቀሩ ምልክቶች ናቸው።

ሙዚየሙን የሚያስተዳድረው መንግሥት ወይም ዩኒቨርሲቲ አይደለም። የቀድሞ ምርኮኞችና ዘሮቻቸው ያቋቋሙት ማኅበር ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው እንዲህ ያለ ሙዚየም ከምን እንደሚሠራ ነው። ጉዳዩ ለኢትዮጵያ የታሪክ ተመራማሪ ከሩቅ አገር ወሬነት ያለፈ ቁም ነገር አለው። በዞንደርዋተር ከታሰሩት መካከል ኢትዮጵያን በወረረው ሠራዊት ያገለገሉና በምሥራቅ አፍሪካ ጦር ግንባር የተማረኩ ነበሩ፤ ያው ሠራዊት ደግሞ በበኩሉ ኢትዮጵያውያንን ያጎረባቸው ካምፖች ነበሩት። የአንዱ ወገን ካምፕ ሙዚየም ሲኖረው የሌላው አለመኖሩ በአጋጣሚ ብቻ የሚገለጽ አይደለም።

ካምፑ

የደቡብ አፍሪካ ጦር በጠቅላይ ሚኒስትር ያን ስመትስ ዘመን ከእንግሊዝ ጎን ተሰልፎ በሰሜንና በምሥራቅ አፍሪካ ተዋግቷል። በጄኔራል ዳን ፒናር የሚመራው ብርጌድ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ገሥግሦ በሚያዝያ 1933 ዓ.ም. ኮምቦልቻንና ደሴን ያዘ፤ በአምባ አላጌ ከበባም ተካፈለ። ዱካ ዳኦስታ በግንቦት 1933 ዓ.ም. እጁን ሲሰጥ፣ ጎንደርም በኅዳር 1934 ዓ.ም. ስትወድቅ፣ የጣሊያን የምሥራቅ አፍሪካ ጦር አበቃለት። ከምርኮኞቹ ብዙዎቹ ወደ ኬንያ ተወሰዱ፤ ዱካው ራሱ ያረፈው ናይሮቢ ውስጥ በምርኮ ሳለ ነው። ሌሎቹ ወደ ሕንድና ወደ ደቡብ አፍሪካ ተጓዙ።

ወደ ዞንደርዋተር መጀመሪያ የገቡት ግን ከሰሜን አፍሪካ የመጡት ነበሩ፤ በደርባን ወደብ ከመርከብ ወርደው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1941 ደረሱ። የቆያቸው የድንኳን ሰፈር ነበር። ነፋስና አቧራ፣ በክረምት የደጋው ብርድ፣ ከሁሉም በላይ ሥራ ፈትነት የመጀመሪያዎቹን ወራት አክብዷቸዋል። ቀስ በቀስ ድንኳኖቹ በምርኮኞቹ ጉልበት በተሠሩ ቤቶች ተተኩ። በመጨረሻ ካምፑ 14 ብሎኮች ነበሩት፤ እያንዳንዱ ብሎክ በ4 ሰፈር ተከፍሎ አንዱ ሰፈር 2,000 ሰው እንዲይዝ የታቀደ ነበር። መጠኑ ከሽቦ አጥር ውስጥ የበቀለ ከተማ ያህል ነው ማለት ይቻላል።

ከ1943 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዛዡ ኮሎኔል ሄንድሪክ ፍሬድሪክ ፕሪንስሉ ነበሩ። ስለ ካምፑ የሚጻፍ ሁሉ እኚህን ሰው ሳያነሣ አያልፍም። ፕሪንስሉ ከቦር ወገን የተወለዱ ናቸው፤ አባታቸው በእንግሊዝና በቦር ጦርነት ሲዋጉ ሞተዋል፤ እሳቸውም በልጅነታቸው እንግሊዞች ባቋቋሙት ማጎሪያ ታስረዋል። የሽቦ አጥርን ከውስጥ ያየ ሰው በኋላ የሽቦ አጥር ጠባቂ ሆነ ማለት ነው። በእሳቸው ዘመን ትምህርት ቤት፣ ቴአትር፣ የሙዚቃ ጓድ፣ የእግር ኳስ ሜዳ፣ የእጅ ሥራ ክፍልና ሆስፒታል ተስፋፉ። ከገጠር የመጡና ፊደል ያልቆጠሩ በሺህ የሚገመቱ ወታደሮች በምርኮ ዘመናቸው ማንበብና መጻፍ ተማሩ። ምርኮኞቹ «በእሾሃማው ሽቦ መካከል» የሚል ትርጉም ያለው ጋዜጣ በጣሊያንኛ ያትሙ ነበር። በሲዲ ባራኒ ቆስሎ የተማረከው ኤዶዋርዶ ቪላም ከዚህ ካምፕ ወጥቶ ከደቡብ አፍሪካ ታላላቅ ቀራጮች አንዱ ለመሆን በቅቷል። ከጦርነቱ በኋላ የጣሊያን መንግሥት ለፕሪንስሉ ኒሻን ሸልሟቸዋል።

ይህ ሁሉ ሲነገር ካምፑ የደስታ ሰፈር መስሎ እንዳይታይ መጠንቀቅ ያሻል። ሰዎች ስድስት ዓመት ድረስ ታስረውበታል። በጳጉሜን 1935 ዓ.ም. የጣሊያን መንግሥት ከአጋሮቹ ጋር የጦር ማቆም ስምምነት ማድረጉ ይፋ በሆነ ጊዜ ምርኮኞቹ ለሁለት ተከፈሉ፤ ከእንግሊዝ ወገን ጋር ለመተባበር የፈረሙና ለፋሺዝም ታማኝ ሆነው የቀሩ። አብረው የተማረኩ ጓደኛሞች በዚህ ጉዳይ ተቃቅረዋል። ብዙዎች ደግሞ ከካምፑ ወጥተው በእርሻዎችና በመንገድ ሥራ ተሠማርተዋል፤ ከኬፕታውን ወደ መኻል አገር የሚያሻግረው የዱ ቶይትስክሎፍ ተራራ መንገድ በእነዚሁ ምርኮኞች ጉልበት የተቆረጠ ነው።

ከዕቃው በስተጀርባ ያለው ሕግ

የዞንደርዋተር ቅርሶች ምርኮኞች በእጃቸው የሠሯቸው ዕቃዎች፣ ፎቶግራፎች፣ ደብዳቤዎች፣ ጋዜጣውና የስም መዝገቦች ናቸው። ጎብኚው እነዚህን የሰው ብልሃትና የናፍቆት ውጤት አድርጎ ያያቸዋል፤ ልክም ነው። ነገር ግን አብዛኞቹ ሌላም ምንጭ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1929 በጄኔቫ የተፈረመው የጦር ምርኮኞች ስምምነት በአንቀጽ 36 ማንኛውም ምርኮኛ ካምፕ በደረሰ በአንድ ሳምንት ውስጥ መማረኩንና ጤንነቱን የሚገልጽ ካርድ ለቤተሰቡ እንዲልክ ያዛል። አንቀጽ 17 ማራኪው ወገን የምርኮኞችን የአእምሮና የስፖርት እንቅስቃሴ እንዲያበረታታ ይጠይቃል። አንቀጽ 76 በምርኮ የሞቱት በክብር እንዲቀበሩ፣ መቃብራቸው ምልክት እንዲኖረውና እንዲጠበቅ ይደነግጋል። አንቀጽ 77 የእያንዳንዱን ምርኮኛ መረጃ የሚይዝ ቢሮ በየተዋጊው አገር እንዲቋቋም ያስገድዳል፤ አንቀጽ 79 ደግሞ ይኸው መረጃ በገለልተኛ አገር በሚገኝ ማዕከል እንዲሰበሰብ ይፈቅዳል፤ ማዕከሉም በጄኔቫ በቀይ መስቀል ሥር ተቋቁሟል።

እንግዲህ ሙዚየሙን በዚህ ዓይን ማየት ይቻላል። ደብዳቤው ካለ መላክ የተፈቀደበት አንቀጽ አለ። የኳስ ቡድኑ ፎቶግራፍ ካለ ኳሱን ያበረታታ አንቀጽ አለ። መቃብሩ ስም ካለው ስም እንዲጻፍበት ያዘዘ አንቀጽ አለ። የፕሪንስሉ መልካምነት እውነት ነው፤ ግን መልካምነቱ ያረፈበት መሠረት ነበረው። አንድ ሰው «የጦር ምርኮኛ» የሚለው ስም ሲሰጠው ካርድ ይከፈትለታል፤ ካርድ የተከፈተለት ሰው ደግሞ ከ80 ዓመት በኋላ የልጅ ልጁ ሊፈልገው ይችላል።

በእርግጥም ይፈልጉታል። ማኅበሩ ከሚያከናውናቸው ሥራዎች ዋነኛው ከጣሊያን ለሚጽፉ ቤተሰቦች ስለ አባቶቻቸውና ስለ አያቶቻቸው መልስ መስጠት ነው። ጥያቄዎቹ በባሕርያቸው አጫጭር ናቸው፤ መቼ ገባ? በየትኛው ብሎክ ነበር? ከሞተ የት ተቀበረ? እነዚህን የሚመልሰው በመስታወት ውስጥ የተቀመጠው ዕቃ ሳይሆን መዝገቡ ነው። በየዓመቱ በኅዳር ወር እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በመካነ መቃብሩ በሚደረገው መታሰቢያ የደቡብ አፍሪካ ጣሊያናውያን ይሰበሰባሉ። ከመቃብሮቹ ውስጥ የትኛው የፋሺስት፣ የትኛው የተባባሪ እንደሆነ የሚለይ የለም። የማኅበረሰብ ሙዚየም ጥንካሬ እዚህ ላይ ነው፤ የሚጠብቁት ሰዎች ጉዳዩን እንደ ዘመድ ነገር ስለሚይዙት የመንግሥት በጀት ቢደርቅም በሩ አይዘጋም። ለዚህ ደግሞ አንድ ቁልፍ ሁኔታ ረድቷል። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ከምርኮኞቹ አንዳንዶቹ እዚያው ቀሩ፤ ወደ ጣሊያን ከተመለሱትም ውስጥ ሥራ ፍለጋ ዳግመኛ የመጡ አሉ። ባለጉዳዩና ቦታው በአንድ አገር ተገናኙ።

ካርዱ የሚጀምርበት ቀን

የጥንካሬው ምንጭ የድክመቱም ምንጭ ነው። የምርኮኛ ካርድ የሚከፈተው በተማረከበት ዕለት ነው። ከዚያ ዕለት በፊት ሰውየው ምን ሲያደርግ እንደነበር ካርዱ አይጠይቅም፤ የማዕረጉን፣ የክፍለ ጦሩንና የተያዘበትን ቦታ መዝግቦ ያልፋል። ስለዚህ በካርድ ላይ የተመሠረተ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1940 ወይም በ1941 ይጀምራል፤ በ1928 ዓ.ም. ሊጀምር አይችልም። «አምባ አላጌ» በመዝገቡ ላይ የመማረኪያ ቦታ ነው፤ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ግን የብዙ ነገር ስም ነው። ይህን ጉድለት የማኅበሩ አባላት ክፋት አድርጎ መውሰድ ፍትሐዊ አይሆንም። ማንም ማኅበረሰብ የሚያስታውሰው በቅድሚያ የራሱን ሕመም ነው።

ደቡብ አፍሪካ ራሷ ለዚህ ምስክር አላት። ፕሪንስሉ በልጅነታቸው ባለፉበት ጦርነት በእንግሊዝ ማጎሪያዎች የሞቱት ከ26,000 በላይ የሚሆኑ የቦር ሴቶችና ሕፃናት እ.ኤ.አ. በ1913 በብሉምፎንቴይን ታላቅ ሐውልት ቆሞላቸዋል። በዚያው ጦርነት ለጥቁሮች በተለዩ ማጎሪያዎች ቢያንስ 14,000 ሰዎች አልቀዋል። እነዚህ ለብዙ አሥርት ዓመታት የሚያስታውሳቸው አደባባይ አላገኙም፤ መቃብሮቻቸውም በአብዛኛው ምልክት አልነበራቸውም። የታሰሩበት ዘመን አንድ ነው፤ አሳሪውም አንድ ነው፤ ልዩነቱ ከጦርነቱ በኋላ አገሩን ማን እንደገዛና የማን መዝገብ በጥንቃቄ እንደተያዘ ነው።

ዳናኔ

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ማለትም ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የስድስት ኪሎ ግቢ በሆነው ስፍራ፣ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ የሆነው ጭፍጨፋ በሰፊው ተጽፎበታል፤ ሐውልቱም ከግቢው ፊት ለፊት ቆሟል። ከጭፍጨፋው የተረፉና በየቤታቸው የተያዙ ሰዎች የት ደረሱ የሚለው ግን ያን ያህል አልተጠናም። ከመኳንንቱና ከተማሩት ወገን በመቶ የሚቆጠሩት ወደ ጣሊያን፣ በተለይም ወደ አዚናራ ደሴት ተጋዙ። ሌሎች በቀይ ባሕር ዳርቻ ባለችው የናካራ ደሴት እስር ቤት ገቡ። እጅግ የሚበዙት ደግሞ ከመቋዲሾ በስተደቡብ በባሕር ዳርቻ ወደምትገኘው ዳናኔ ተላኩ፤ ሴቶችና ሕፃናትም ነበሩባቸው። ሶማሌዎችም በዚያ ታስረዋል።

ስለ ዳናኔ ካሉት ምስክርነቶች ዋነኛው በካምፑ ለሦስት ዓመት ተኩል ታስረው የነበሩት የሚካኤል ተሰማ ቃል ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን ባቀረበውና በ1940ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ባሳተመው የሰነዶች ስብስብ ውስጥ ይገኛል። በዚህ ምስክርነት መሠረት በካምፑ ከነበሩት 6,500 ሰዎች 3,175ቱ ሞተዋል፤ ገዳዩም በዋናነት መጥፎ ምግብ፣ መጥፎ ውኃና በሽታ ነበር። ይህ ቁጥር የመዝገብ ቁጥር ሳይሆን የአንድ ምስክር ቁጥር ነው፤ እንደዚያው ሆኖ መነበብ ይኖርበታል። ነገር ግን በአንድ ምስክር ላይ ለመመካት መገደዳችን ራሱ ሊጠና የሚገባው ነገር ነው። ስለ ዞንደርዋተር ሙታን ለመናገር ማንም የአንድ ሰው ትዝታ አያስፈልገውም፤ መቃብሮቹን መቁጠር ይበቃል።

ይህ እንዴት ሆነ ቢባል መልሱ እንደገና ከስያሜው ይነሣል። ጣሊያን በግንቦት 1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ወደ ግዛቷ መጠቅለሏን አወጀች። ከዚያ በኋላ በጣሊያን ሕግ ዓይን የኢትዮጵያ ጦር የሚባል ነገር አልነበረም፤ መሣሪያ አንሥቶ የተገኘ ሁሉ «ሽፍታ» ወይም «አመፀኛ ተገዢ» ነው። ሙሶሊኒ ከአንድ ወር በኋላ የተያዙ አመፀኞች እንዲረሸኑ በቴሌግራም አዘዘ። አመፀኛ የጦር ምርኮኛ ስላልሆነ አንቀጽ 36 አያገኘውም፤ ካርድ አይጽፍም፤ ጄኔቫ ስሙን አታውቀውም። አንቀጽ 76ም አያገኘውምና ሲሞት መቃብሩ ምልክት እንዲኖረው የሚያስገድድ የለም። በዞንደርዋተር እያንዳንዱን ዕቃ ያስገኘው የሕግ ሰንሰለት በዳናኔ ከመጀመሪያው ቀለበት ላይ ተበጥሷል። ስም መንፈግ እስሩን ብቻ ሳይሆን ከእስሩ በኋላ ያለውንም መታሰቢያ ቀድሞ ያጠፋል።

የቦታው ጉዳይም አለ። ዳናኔ ያለችው በሶማሊያ ነው፤ ከዚያ የተመለሱት የኢትዮጵያውያኑ ልጆች ያሉት በኢትዮጵያ ነው። በመካከል ድንበር አለ፤ በሁለቱ አገሮች መካከል የተደረጉ ጦርነቶችም አሉ። ዞንደርዋተር ላይ የተገናኙት ባለጉዳይና ቦታ እዚህ ተለያይተው ቀሩ። የኢትዮጵያ ምርኮኞች ትዝታ በቦታ ፋንታ በመጽሐፍ ተጠለለ፤ ከልዑል ራስ እምሩ ጋር ተማርከው ወደ ጣሊያን የተወሰዱት የሐዲስ ዓለማየሁ «ትዝታ» ከዚህ ወገን ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሆኖም መጻፍ የቻሉት በአብዛኛው ወደ ጣሊያን የተጋዙት የተማሩ ሰዎች ነበሩ። ከአዲስ አበባ መንደር በጅምላ ታፍሶ ወደ ዳናኔ የተጫነው ሰው እንደ እነርሱ መጽሐፍ ሊጽፍ አልታደለም።

ከዚህ የሚነሣ የምርምር ጥያቄ

የዞንደርዋተር ልምድ ለኢትዮጵያ ያለው ጥቅም ሕንፃውን ለመምሰል አይደለም፤ ሙዚየሙ ራሱ አነስተኛ ነው። ጥቅሙ ቅደም ተከተሉን ማሳየቱ ነው። በዚያ ማኅበሩ የቆመው በስም ዝርዝሩ ላይ ነው፤ ሐውልቱን ምርኮኞቹና ወገኖቻቸው አቆሙ፤ ዕቃዎቹ ደግሞ ከየቤተሰቡ እየተሰበሰቡ መጡ። ሕንፃ አስቀድሞ ቢሠራ ኖሮ ባዶ አዳራሽ በሆነ ነበር። በኢትዮጵያ ደግሞ ብዙ ጊዜ መታሰቢያ ሲታሰብ በመጀመሪያ የሚነሣው የመሠረት ድንጋይ ነው።

ለዳናኔ የስም ዝርዝር ሊዘጋጅ ይችላልን? ወደ ጣሊያን ለተጋዙት መንገዱ ቀላል ነው፤ የቅኝ ግዛት ሚኒስቴሩ መኳንንቱን በስምና በማዕረግ እየመዘገበ ስለነበረ የጣሊያን ቤተ መዛግብት ሰነዶች ጥናት ተደርጎባቸዋል። ለዳናኔ ግን ምንጩ የተበታተነ ነው። የግራዚያኒ ቴሌግራሞች በብዛት ስለ ቁጥርና ስለ መጓጓዣ የሚናገሩ ናቸው፤ ስም የሚጠሩት ታዋቂ ሰው ሲሆን ነው። የቀሩት ስሞች ያሉት በቤተሰብ አፍ፣ በአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት የተዝካር ትዝታ፣ ምናልባትም በአርበኞች ማኅበር አባላት ዘንድ ነው። እዚህ ላይ የማኅበረሰቡ ድርሻ ከዞንደርዋተር ይልቅ ይከብዳል። የጣሊያን ምርኮኛ ልጅ አባቱን የሚጠይቀው ከተዘጋጀ መዝገብ ነው፤ የዳናኔ እስረኛ የልጅ ልጅ ግን መዝገቡን ራሱ መጻፍ ይኖርበታል። ስም፣ የተያዘበት ሰፈር፣ የተመለሰ ወይም የቀረ፤ አንድ ቤተሰብ ሊመልሳቸው የሚችላቸው እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች በ1929 ዓ.ም. ያልተከፈተውን ካርድ የመጀመሪያ መሥመሮች ይሞላሉ።

አንድ የአሠራር ችግር አስቀድሞ ሊታሰብ ይገባል። በዳናኔ የታሰሩት ኢትዮጵያውያን ብቻ ስላልነበሩ ዝርዝሩ በአዲስ አበባ ብቻ ቢሰበሰብ የብሉምፎንቴይኑን ሐውልት ስሕተት ይደግማል፤ የሶማሌዎቹ ስሞች ከውጭ ይቀራሉ። ስለሆነም ሥራው ከመጀመሪያው በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ መጠይቅ ሊዘጋጅለት፣ በሶማሌ ክልል ያሉ ዩኒቨርሲቲዎችም እንደ ባለቤት ሊገቡበት ያስፈልጋል።